መንግሥት ሲያልፍ ዘማቹ የት ይገባል? የዘማች ማኅበራትና ድጋፋቸው ሲዳሰስ

በኢትዮጵያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው እርጅናው እንዴት እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወስነው ያዘመተው መንግሥት ዕድሜ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ የዘመተው በደርግ ጊዜ ሜዳዩን ሣጥን ውስጥ ከተተ። ለደርግ መንግሥት የተዋጋው በ1983 ዓ.ም. ማዕረጉም ደመወዙም አንድ ላይ ቀሩበት። ጉዳቱ ግን ከመንግሥት ጋር አይለወጥም። በፈንጂ የተቆረጠ እግር፣ በመድፍ ድምፅ የደነቆረ ጆሮ፣ ያለ አባት ያደገ ልጅ በሁሉም ዘመን ያው ነው።

የዘማቾች ማኅበር አስፈላጊነት የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማኅበር ሲባል ቶሎ የሚታየን የበዓል ቀን ሰልፍ፣ ጎፈርና ጋሻ፣ የአበባ ጉንጉን ነው። ያ ክብር ያስፈልጋል፤ ለተዋጋ ሰው አደባባይ ላይ ስሙ መጠራቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ዋናው ሥራ ግን ከበዓሉ ማግሥት ያለው ነው፤ የአባሉን ስምና ማስረጃ መያዝ፣ መብቱን ከየቢሮው ማስፈጸም፣ ሲታመም ማሳከም፣ ሲሞት መቅበር፣ ሚስቱንና ልጆቹን አለመጣል። ይህንንም መንግሥት ቢለወጥም ባይለወጥም ማድረግ። የአገራችንንም የውጭውንም ልምድ በዚህ መለኪያ ልመልከተው።

ጣልያንን ከተዋጉት አርበኞች እንነሣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አምስት ዓመት ዱር ቤቴ ብለው የተዋጉት፣ ከተማ ተቀምጠው ስንቅ፣ ጥይትና ወሬ ሲያቀብሉ የነበሩት የውስጥ አርበኞች፣ ከስደት የተመለሱት መኳንንት፣ ለጣልያን ያደሩትም ሳይቀሩ በአንድ መንግሥት ሥር ተገኙ። ሽልማቱ ሲደለደል ቅሬታው የበዛው በዚህ ነው። በ1930ዎቹ በወጡ ትእዛዞች ለአርበኞችና ለስደተኞች፣ ቀጥሎም ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች መሬት በጋሻ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። በወረቀት ላይ ትልቅ ስጦታ ነበር። ነገር ግን ስጦታውን ለመቀበል ደጅ መጥናት፣ ማመልከቻ ማጻፍ፣ ምስክር ማቆም ያስፈልግ ነበር። ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ቤትና ዘመድ ላለው ይቀላል፤ ከቆላ ስንቁን ይዞ ለመጣ ገበሬ ይከብዳል። ወረቀቱን የሚከታተልለት አካል ያልነበረው አርበኛ ከነቁስሉ ወደ አገሩ ተመለሰ። መሬቱን ያገኘውም ቢሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ አጣው።

የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ይህን ሁሉ ተሻግሮ ዛሬም አለ። በሕይወት ያለ አርበኛ ቢገኝ መቶ ዓመት የተጠጋ ወይም ያለፈ ነውና ማኅበሩ አሁን በአብዛኛው የልጆችና የልጅ ልጆች ሆኗል። ታሪኩን ጠብቆ ማቆየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ለእኔ ከእርሱ የሚወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ መንግሥት የሰጠውን ስጦታ መንግሥት ይወስደዋል። ማኅበሩ በራሱ እጅ የያዘው ብቻ ይቆያል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የኮሪያ ዘማቾች ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከንጉሠ ነገሥቱ የክቡር ዘበኛ ጦር ተመልምሎ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ። ተከታትለው የሄዱት ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው ተራራ በተራራ በሆነው የመካከለኛው ግንባር ተዋጉ። በጦርነቱ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰለፉ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። ውጊያው ካበቃ በኋላም እዚያው የቀሩት ወታደሮች ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናት የሚያድጉበትን ቤት ከኪሳቸው ይረዱ ነበር።

ተመልሰው የገጠማቸው ነገር የሚያሳዝን ነው። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከክቡር ዘበኛ አዛዥ ስለ ተነሣ ጦሩ ተበተነ፤ በጥርጣሬም ይታይ ጀመር፤ በኮሪያ የተዋጉትም ከዚሁ ጦር የወጡ ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። አዲሱ የደርግ መንግሥት የፒዮንግያንግ ወዳጅ ሆነ። በአዲስ አበባ ለሶማሊያ ጦርነት ሰማዕታት በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት እንኳ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ነው። ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተዋጋ ሰው በዚያ ዘመን ስለ ዘመቻው አፉን ሞልቶ መናገር አልቻለም። ሜዳይ አውጥቶ ደረት ላይ ማድረግ ቀርቶ በመዝመቱ የተንገላታ ብዙ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን እነዚህ ሰዎች ተነሡ። እንዴት? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ በአገራችን የዘማች ማኅበር ጥሩ ውጤት ካገኘባቸው ጥቂት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነውና። በመጀመሪያ የዘማቾቹ ቁጥር የተወሰነና የሚታወቅ ነበር። ከየሻለቃው ማን እንደ ዘመተ፣ ማን እንደ ወደቀ ይታወቃል፤ የክፍል ባልደረባ ለባልደረባው ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ማኅበር አቋቁመው ጽሕፈት ቤት ከፈቱ። አድራሻ ያለው፣ ደብዳቤ የሚቀበል፣ የአባላት ዝርዝር የያዘ ማኅበር ሲገኝ ለመርዳት የሚፈልግ ሁሉ ማንን እንደሚያነጋግር ያውቃል። ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት ከወዲያ በኩል ያለው ነው። ደቡብ ኮሪያ የዘማቾችን ጉዳይ ብቻ የሚይዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አላት፤ የረዷትን አገሮች ስም አልረሳችም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1968 እ.ኤ.አ. በቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የተሠራውን ሐውልት ሲመርቁ በአጠገቡ የተከፈተው የኢትዮጵያ ቡና ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። ቹንቾንና አዲስ አበባ በ2004 እ.ኤ.አ. እኅትማማች ከተሞች ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ የዘማቾቹ መታሰቢያ ቆመ። የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንቶች በ2011 እና በ2016 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲመጡ ዘማቾቹን በክብር አነጋገሩ። አዲስ አበቤ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው፣ ገርጂ ያለው፣ የሴኡል ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ሆስፒታል ለዘማቾቹ ሕክምና ሰጥቷል፤ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል ተገኝቷል።

በዚህ ደስ ይለኛል፤ ያሳዝነኛልም። የሚያሳዝነው ሐቅ፣ የኢትዮጵያ ዘማች በራሱ አገር መንግሥታት ሲረሳ ያስታወሰው የሩቅ አገር መሆኑ ነው። ድጋፉ በደረሰበት ጊዜም ብዙዎቹ አርጅተው ወይም ሞተው ነበር። አሁን በሕይወት ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ከ90 ዓመት በላይ ናቸው። የሰላሳ ዓመት ዝምታው ባይኖር ኖሮ ስንቱ በጎልማሳነቱ በታከመ ነበር።

የደርግ ዘመን ሠራዊት ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ቁጥሩ ብዙ፣ ነገሩም ከባድ ነው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የወደቁ ወታደሮችና ሚሊሺያዎች ልጆች የሚያድጉበት የሕፃናት አምባ በአላጌ ተቋቁሞ ነበር፤ መንግሥት ለዘማች ቤተሰብ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። ግን እሱም ከመንግሥቱ ጋር አለፈ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ወታደርነቱ ቀረበት። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ወደ ገጠር ለሚመለሰው ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ ለከተማው ሥልጠናና መጠነኛ ብድር ለመስጠት ሞከረ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም፤ አገሪቱም ድኻ ነበረች። ቢሆንም በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የነበረ ሰው ሁሉ ክራንች ተደግፎ፣ ከነመለዮው መብራት ላይ እጁን የሚዘረጋውን ወታደር ያስታውሳል።

ከኮሪያ ዘማቾቹ ጋር ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ኮሚሽን የተቋቋመበትን ሥራ ጨርሶ ይዘጋል። ማኅበር አይዘጋም። የቀድሞው ወታደር ግን ለብዙ ዓመታት በስሙ ተሰባስቦ መብቱን መጠየቅ ከበደው፤ ስሙ ራሱ ጥርጣሬ የሚጋብዝ ነበር። በውጭ አገር ያሉት የቀድሞ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል ባልደረቦች ማኅበር መሥርተው አገር ቤት ለቀረው ጓደኛቸው እርዳታ መላክ ችለዋል። እግረኛው ገበሬ ወታደር ግን የሰሜን አሜሪካ ዘመድ የለውም።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መደበኛ ወታደርንም ያቅፋል፤ በግዳጅ ላይ ለተጎዳ የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት፣ ለሟች ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች የተተኪ ጡረታ ይፈቅዳል። መደበኛ ላልሆነው ዘማች፣ ለሚሊሺያውና በፈቃዱ ለዘመተው ግን በሩ ጠባብ ነው። የማኅበራት ሕግም ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ የሆነውን ከውጭ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሽሮ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዲሠሩ፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራም እንዲይዙ ፈቀደ። ስለዚህ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለቀረው ሥራ ሕጉን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዚህ ጉዳይ ረጅም ልምድ ያላቸው እነርሱ ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪውም እዚያ ብዙ ነው፤ ልጆቹም ይዘምታሉ። የአሜሪካ ጦር በ2009 እ.ኤ.አ. ለአገሪቱ የሚያስፈልጉ ቋንቋዎችን የሚችሉ ስደተኞችን የሚቀበል ልዩ መርሐ ግብር ሲጀምር አማርኛ ከቋንቋዎቹ አንዱ ነበር። በዚያ መንገድ ገብተው ዜግነት ያገኙ አሉ። እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆችም በየጊዜው ይገባሉ። ታዲያ አገልግሎቱን ጨርሶ የሚወጣው የዲሲና የሜሪላንድ ልጅ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል? በብዛት አያውቅም ብዬ እፈራለሁ፤ ወላጆቹ የሚያውቁት የስደተኛውን ቢሮ እንጂ የዘማቹን አይደለምና።

ትልቁ ማኅበር አሜሪካን ሌጅዮን ነው። በመጋቢት 1919 እ.ኤ.አ. ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ አገራቸው ለመመለስ ተራ የሚጠብቁ ወታደሮች በፓሪስ ተሰብስበው መሠረቱት፤ በዚያው ዓመት ኮንግረስ እውቅና ሰጠው። በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። በባሕር ማዶ በጦርነት ለተሳተፉት የቆመው ሌላው ማኅበር ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የጦር ጉዳተኞቹ ደግሞ በ1920 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን አቋቋሙ። አባልነቱ የሚገኘው የአገልግሎት መሰናበቻ ወረቀት አሳይቶ ዓመታዊ መዋጮ በመክፈል ነው፤ መዋጮው ትንሽ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ደግሞ ከታኅሣሥ 1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክብር ያገለገለ ሁሉ የሌጅዮን አባል መሆን እንዲችል በሩን ከፈተ።

የሌጅዮን ትልቁ ሥራ ሕግ ነው። በታኅሣሥ 1943 እ.ኤ.አ. ሃሪ ኮልመሪ የተባለ የቀድሞ የሌጅዮን መሪና ጠበቃ በዋሽንግተን ሜይፍላወር ሆቴል ተቀምጦ ከጦርነት የሚመለሰው ወታደር ትምህርት፣ የቤት ብድርና የሥራ አጥነት ድጎማ የሚያገኝበትን ሕግ በእጁ ጽፎ አረቀቀ። ሌሎቹ የዘማች ማኅበራት እንኳ መጀመሪያ ላይ ተጠራጥረውት ነበር። ሰኔ 22 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ተፈረመ። እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ 7.8 ሚሊዮን ዘማቾች በዚህ ሕግ ተማሩ ወይም ሠለጠኑ። የአንድ ማኅበር ሥራ ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል ብዬ አላስብም፤ የአንድ ትውልድ ኑሮ ነው የለወጠው።

ጥላውም መነገር አለበት። ሕጉ ለሁሉም ቢወጣም አፈጻጸሙ በየአካባቢው ባንክና ቢሮ እጅ ተተወ። በ1947 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ ግዛት ለዘማቾች ዋስትና ከተሰጠባቸው ከ3,200 በላይ ብድሮች ለጥቁር ዘማቾች የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። የሌጅዮን ቅርንጫፎችም በብዙ ቦታ በዘር የተለያዩ ነበሩ። ይህን የማነሳው ማኅበር በራሱ ቅዱስ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ማን አባል ይሁን፣ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ ከድጋፉ መጠን እኩል ይመዝናል፤ በእኛ አገር በወገንና በዘመን ለሚከፋፈለው ዘማች ደግሞ ይበልጥ።

ለዛሬው አማርኛ ተናጋሪ ዘማች ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ብዙም የማይወራለት ሥራ ነው። እነዚህ ማኅበራት በአሜሪካ መንግሥት የዘማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እውቅና የተሰጣቸው የአገልግሎት ሠራተኞች አሏቸው። ሥራቸው የዘማቹን የጉዳት ካሳ ማመልከቻ ማዘጋጀት፣ የሕክምና ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ዘማቹ በውሳኔው ካልተስማማ ይግባኝ ማለት ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ለማግኘትም አባል መሆን ግዴታ አይደለም። የጉዳቱ መጠን ከዜሮ እስከ መቶ በመቶ በአሥር አሥር ይለካል፤ በአንድ እርከን መውጣትና መቅረት የወር ገቢን ይለውጣል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቆሻሻ ይቃጠልባቸው ከነበሩ ጉድጓዶች ጭስ ጋር የተያያዙ ከ20 በላይ በሽታዎችን ዘርዝሮ፣ በዚያ ያገለገለ ሰው በሽታው ከአገልግሎቱ እንደ መጣ ማረጋገጥ ሳይጠበቅበት እንዲካስ ፈቀደ። ይህን የማያውቅ ዘማች ሳል ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። የሚያውቅለት ሰው ያገኘ ግን ይታከማል፤ ይከፈለዋል። ለዚሁ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ድርጅቶችም በየቦታው አሉ፤ የመጀመሪያ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ክፍያ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነውና በነጻ የሚሠራው ሳለ ለእነርሱ መክፈል አይገባም።

የማስረጃን ነገር የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የውትድርና መዛግብት ማዕከል ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ጠፋ፤ ከ1912 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ውስጥ የሰማንያ በመቶው ማኅደር ነደደ። ብዙው ሰው ግን መብቱን አላጣም። የደመወዝ መዝገብ፣ የክፍሎች የዕለት ሪፖርት፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የጓደኛ የምስክርነት ቃል እየተሰበሰበ ማኅደሩ እንደ ገና ተጻፈ፤ በዚያ ሥራ ውስጥ ማኅበራቱም ድርሻ ነበራቸው። እኛ አገር መዝገብ ሲጠፋ ሰውየው አብሮ ይጠፋል።

ሌላው ምሳሌ እስራኤል ነው፤ በዚያ ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ልጆቻቸውን ለሠራዊቱ በብዛት ይሰጣሉ። እዚያ የጦር ጉዳተኞቹ የራሳቸው ድርጅት አላቸው፤ ቤት ሃሎሔም በሚባሉት ማዕከላቱ ጉዳተኛው ከነቤተሰቡ ይዋኛል፣ ስፖርት ይሠራል፣ ሕክምና ያገኛል። ቢሆንም በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. በጦርነት አእምሮው የተጎዳ ወጣት ዘማች በመከላከያ ሚኒስቴር የመልሶ ማቋቋሚያ ቢሮ ደጃፍ ራሱን አቃጠለ። አገሩ ደነገጠ፤ የአእምሮ ጉዳትን የሚመለከተው አሠራርም እንዲሻሻል ተወሰነ። የማይታይ ቁስል በእኛ ዘንድ ጭራሽ ስም የለውም። ሌሊት የሚባንነውን፣ የሚጠጣውን፣ ከሰው የተለየውን ዘማች ጎረቤቱ ተበላሸ ይለዋል። የዘማች ማኅበር ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ መድኃኒት ያንኑ ያየ ሌላ ሰው ማገናኘት ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሳምንታዊ መገናኛ ቦታ ብቻ ይጠይቃል።

ስለ ገቢ ከተነሣ እንግሊዞቹን ማለፍ አይቻልም። ሮያል ብሪቲሽ ሌጅዮን አራት ማኅበራት ተዋሕደው በግንቦት 1921 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የመጀመሪያውን የቀይ አበባ ሽያጭ አካሄደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ብዙ እንግሊዛዊ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት የወረቀት አበባ የዘማቾቹ ቋሚ ገቢ ሆናለች። አበባዋን ለመሥራት ጉዳተኛ ዘማቾች ተቀጥረዋል። መንግሥት በጀቱን ቢያጥፍ እንኳ ማኅበሩ አይታጠፍም።

በአገራችንም እንዲህ ዓይነት ሥራ አለ። የትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር በመቀሌ የአካል ድጋፍና የፊዚዮቴራፒ ማዕከል ያስተዳድራል፤ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ ይሠራል፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ረድቶታል። ለዘማች የተጀመረው አገልግሎት በአደጋ እግሩን ላጣ ሲቪልም ደርሷል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ፈላጊው ከአቅሙ በላይ ሆነ። ቢሆንም አንድ ማኅበር የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ ሙያተኛ፣ የራሱ አገልግሎት ሊኖረው እንደሚችል ያሳየ ነው።

አሁን ያለንበት ሰዓት ይህን ጉዳይ አጣዳፊ ያደርገዋል። ያንን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ በየክልሉ ያሉ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ሥራው ተጀምሯል። ታጣቂው ይመዘገባል፤ መሣሪያውን ያስረክባል፤ አጭር የተሃድሶ ሥልጠና ይወስዳል፤ የመቋቋሚያ ገንዘብ ይቀበላል። መልካም ነው። ግን ከ1983ቱም፣ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ወደ 150 ሺህ ሰው ከተሰናበተበትም ያየነው ነገር አለ፤ የመቋቋሚያው ገንዘብ ሲያልቅ ሰውየውን የሚከታተል አይኖርም። ኮሚሽኑ ሥራውን ሲጨርስ የመዘገባቸው ሰዎች ዝርዝር የት ይቀመጣል? ጉዳቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲብስበት ማን ማስረጃውን ያወጣለታል? ይህ ጥያቄ ዛሬ መልስ ካላገኘ ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን ጽሑፍ ቀን ቀይሮ መጻፍ ይቻላል።

መፍትሔው ባሕላችን ውስጥ አለ። እድር መንግሥት ሲለወጥ አይለወጥም። አባሉን የሚያውቀው በስም ነው፤ መዋጮውን በወር ይሰበስባል፤ ሲሞት ይቀብራል፤ ልጆቹን ያስተዛዝናል፤ ሒሳቡን በጉባኤ ያሳያል። የዘማች ማኅበራት መሠረታቸው ይህ ቢሆን፣ በላዩ ላይ ደግሞ የጡረታና የካሳ ጉዳይ የሚከታተል አንድ ጸሐፊ ቢጨመር፣ ብዙው ችግር በተቃለለ። እኔ የምፈራው ተቃራኒውን ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚኖር፣ በበዓል ቀን ብቻ የሚጠራ፣ መሪዎቹ ከፖለቲካው ጋር የሚለዋወጡ ማኅበር። እንዲህ ዓይነቱን ስላየን ነው ብዙ ዘማች ማኅበር ሲባል ፊቱን የሚያዞረው፤ ልፈርድበት አልችልም።

ለመግባት ለሚያስብ ሰው ግን የምለው አለኝ። መዋጮ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ። ባለፈው ዓመት የስንት አባል ጉዳይ ተከታትላችሁ ውጤት አገኘ? ሒሳባችሁን ማን መረመረው? የሟች አባል ሚስት በስብሰባችሁ ድምፅ አላት? ከሌላ ዘመን፣ ከሌላ ጦር፣ ምናልባትም ከጠላት ወገን የነበረ ጉዳተኛ በራችሁን ቢያንኳኳ ትከፍቱለታላችሁ? በመጨረሻው ጥያቄ የሚያመነታ ማኅበር በሚቀጥለው የመንግሥት ለውጥ ራሱ ከውጭ መቅረቱ አይቀርም።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከጦሩ ሲሰናበት የመሰናበቻ ወረቀቱን ዋናውን በደህና ቦታ አስቀምጡ፤ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ካለ የዘማቾች ማኅበር አገልግሎት ሠራተኛ ጋር ቀጠሮ እንዲይዝ ንገሩት። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የአባታችሁ የማዕረግ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የክፍሉ ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ ካለ ዛሬውኑ ቅጂ አስነሡለት። የክፍል ባልደረቦቹን ስም እሱ በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ጻፉ። በአካባቢያችሁ የዘማች ማኅበር ካለ ያንን ወረቀት ወስዳችሁ በመዝገቡ ላይ ስሙን አስጽፉ፤ ከሌለ ደግሞ አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ከነበሩ ሽማግሌዎች ጋር ተሰብስባችሁ ጀምሩት።